የአበበ ቢቂላ ቮልስ

እኛ ሰፈር፣ ቢሾፍቱ፣ አንዲት ቮልስ አለች። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በሥራ ቀን ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ትውላለች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግን ሸራው ይነሳል፣ ዘይቷ ይታያል፣ መስታወቷ ይወለወላል፣ ቀጥሎ ያ ድምፅ ይመጣል። ቮልስ ባለችበት ሰፈር ያደገ ሰው ድምፁን ሳላስረዳው ያውቀዋል። የሰፈራችን ልጅ አልጋው ላይ እንደተኛ እሁድ መሆኑን የሚያውቀው በእሷ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ እሁድ ጋሼ ቁልፉን እጄ ላይ አስቀመጡት። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ቆይቻለሁ፣ ግን የለመድኩት የጓደኛዬን አውቶማቲክ መኪና ነው። ቮልስ ሌላ ዓለም ናት። መሪዋ ቀጭን ነው፤ ከፊት ለፊት የምታዩት አንድ ክብ የፍጥነት ሰዓት ብቻ። ፍሪሲዮንና ፍሬኑ ከወለሉ የበቀሉ ይመስላሉ። የማርሹ ዘንግ ረጅም ነው፣ ቦታውን እስክታገኙት ትንሽ ታፍራላችሁ። የፊት ኮፈኗን ብትከፍቱ ሞተር የለም፤ ያለው ስኮርታ ጎማና የቤንዚን ታንክ ነው። ሞተሩ ከኋላ ነው። በ60 ስትሄዱ 120 የበረራችሁ ይመስላችኋል፣ ምክንያቱም ሁሉ ነገር ይሰማል፦ መንገዱ በመሪው፣ ሞተሩ በጀርባችሁ፣ ንፋሱ በመስኮቱ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፊቴ ላይ ያለው ፈገግታ አልሸሸግ ብሎኝ ነበር።

ከባቦጋያ ተመልሰን ወደ ድሮው የአዳማ መንገድ ልንወጣ ስንል አንድ ኩርባ ላይ ጋሼ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ። ኩርባ ውስጥ ከገባሁ በኋላ ፍሬን እንዳልረግጥ፣ መቀነስ ካለብኝ ከመግባቴ በፊት እንድቀንስ አስጠነቀቁኝ። ከዚያ ትንሽ ዝም አሉና የአበበ ቢቂላን ስም አነሱ። በእሳቸው ዕድሜ ያሉ የቮልስ ሰዎች ሁሉ እንደዚሁ ናቸው፤ ስለ ቮልስ ደስታ እያወሩ በመሃል አበበ ይመጣባቸዋል።

እኔ አበበን የማውቀው እንደ ሁላችሁም ነው። በባዶ እግሩ፣ ሮም፣ አለቀ። የመኪናውን ታሪክ በደንብ ያየሁት ከዚያ እሁድ በኋላ ነው። ካየሁት በኋላ ደግሞ የሰውዬውን ሕይወት በሌላ መንገድ ማንበብ ጀመርኩ፦ እግሩን ትቼ፣ ምን ላይ ተቀምጦ እንደሄደ እያየሁ።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. ነው፤ ያኔ የሰላሌ አካል በነበረችው ጃቶ በምትባል የሸዋ መንደር። የሚገርመው በዚያው ቀን ሎስ አንጀለስ ላይ የኦሎምፒክ ማራቶን እየተሮጠ ነበር። ጣልያን ሲገባ ቤተሰቡ ጎሮ ወደሚባል ራቅ ያለ ቦታ ሸሸ። ልጁ እዚያ ከብት ጠብቋል፣ ገናም ተጫውቷል። የዚያን ጊዜ ገና ደግሞ በአንድ ሜዳ የሚያልቅ ጨዋታ አይደለም፣ ከመንደር መንደር የሚያስሮጥ ነው።

በ1940ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ መጥቶ ክብር ዘበኛ ተቀጠረ። ተራ ወታደር ነው። በየቀኑ ከሱሉልታ ኮረብታዎች አዲስ አበባ ድረስ 20 ኪሎ ሜትር ይሮጥና ደግሞ ይመለሳል። የኢኮኖሚክስ ትምህርት ያበላሸው ጭንቅላቴ እዚህ ጋ የትራንስፖርት ወጪ ዜሮ ብሎ መዝግቧል። ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ያገኘው በዚህ ጊዜ ነው፤ ከዚያ ጀምሮ ሩጫው ሥርዓት ያዘ።

ሮምን በአጭሩ ልለፈው፣ ታውቁታላችሁ። አንድ ነገር ብቻ፦ ቀኑ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ነበር፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። ያገኘው ጫማ አልመች ስላለው ጥሎት ሮጠ። ውድድሩ አመሻሽ ላይ ጀምሮ በጨለማ አለቀ፤ መንገዱ ከአክሱም በተወሰደው ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር፣ አበበም ሞሮኳዊውን ራዲ ቤን አብደሰላምን ጥሎ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በጊዜው በዓለም ከዚያ የፈጠነ ማራቶን አልነበረም። እዚህ አገር ችቦ ሲበራ እዚያ እሱ እየሮጠ ነበር ማለት ነው።

አሁን ወደ መኪናው።

አበበ ሲመለስ ንጉሠ ነገሥቱ የኢትዮጵያ ኮከብ ኒሻን ሰጡት፣ የአሥር አለቃ ማዕረግም አገኘ። በተጨማሪ አንድ ቤትና አንዲት ቮልስ ከነሾፌሯ እንዲጠቀምባቸው ተፈቀደለት። ሾፌር ያስፈለገው አበበ ገና መንዳት ስለማያውቅ ነው። ቤቱም መኪናዋም ግን የእሱ አልነበሩም፣ የክብር ዘበኛ ንብረት ነበሩ።

ይቺን ነገር ብዙ ሰው ሳያያት ነው የሚያልፋት። እኔ ግን እዚህ ጋ ቆምኩ። በክላስ ስለ ንብረት መብት ስንማር መምህራችን መጠቀምና ባለቤት መሆን ይለያያሉ ሲሉ ምሳሌ ያጡ ነበር። ይኸው ምሳሌው! በዓለም ፊት ማንም ያልሠራውን የሠራ ሰው ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ሌላ ሰው ይነዳዋል፣ ሊብሬውም በመሥሪያ ቤቱ ስም ነው። አልተበደለም፤ ለአንድ ወታደር በዚያ ዘመን ይህም ሰማይ ነው። ግን የኮንዶሚኒየም ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። የሰው ቤት ግድግዳ ላይ ምስማር አትመቱም።

ንብረቱ የመሥሪያ ቤት መሆኑ ምን ያህል ቀጭን ክር እንደሆነ የታየው ብዙም ሳይቆይ ነው። ታኅሣሥ 1953 የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ከወንድማቸው ከገርማሜ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት ሞከሩ። ሙከራው ከሸፈ። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነውና ከሌሎቹ ጋር ታሰረ። ጥቂት ቆይቶ ተለቀቀ። ከሮም ድል እስከ እስር ቤት አራት ወር እንኳን አይሞላም።

ከዚያ ዝም ብሎ ሮጠ። በ1953 አቴንስ ላይ አሸነፈ፣ ኦሳካ ላይ አሸነፈ፣ በ1954 መጀመሪያ ደግሞ ኮሺሴ፣ ቼኮስሎቫኪያ ላይ አሸነፈ። በ1955 ቦስተን ላይ አምስተኛ ወጣ። ጨርሶ የተሸነፈበት ማራቶን እሱ ብቻ ነው።

የእኔ ከተማ ታሪኩ ውስጥ የምትገባው በ1956 ክረምት መጨረሻ ላይ ነው። ያኔ ስሟ ደብረ ዘይት ነበር። ለቶኪዮ ኦሎምፒክ ዝግጅት አበበ እዚህ ይለማመድ ነበር። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች፣ አየሯ ሞቅ ይላል፤ ሐይቆቹን እየዞረ ለሚሮጥ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም (አድልዎ ነው፣ ይቅር በሉኝ)። ውድድሩ 40 ቀን ገደማ ሲቀረው ሆዱን አመመው። ምን እንደሆነ አላወቀም። ሕመሙን በሩጫ ሊያሸንፈው ሞከረ፤ አልሆነም፣ ወደቀ። ሆስፒታል ሲወሰድ ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘ። መስከረም 6 ቀን 1957 ዓ.ም. ኦፕራሲዮን ተደረገ።

ትርፍ አንጀት የተደረገ ሰው ቤታችሁ ኖሮ ያውቃል? ታላቅ ወንድሜ ሲደረግ ለአንድ ወር ጀሪካን እንዳያነሳ ተከልክሎ ሥራውን ሁሉ እኔ ነበርኩ የምሠራው። አበበ በአንድ ወሩ ቶኪዮ ነው። ጥቅምት 11 ቀን ከመስመሩ ተነሳ፣ በዚህኛው ጫማ አድርጎ። መሃል ላይ ሁሉንም ጥሎ ብቻውን ሄደ። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ፤ እንደገና የዓለም ምርጥ ሰዓት። ሁለተኛው እንግሊዛዊ ባሲል ሂትሊ የገባው ከ4 ደቂቃ በላይ ዘግይቶ ነው። በዚያ መሃል አበበ ሳሩ ላይ ጂምናስቲክ ይሠራ ነበር። የኦሎምፒክ ማራቶንን ሁለት ጊዜ በማሸነፍ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። የባንዱ ሰዎች የኢትዮጵያን መዝሙር ስላልያዙ የጃፓንን መዝሙር ተጫወቱ።

ከቶኪዮ ሲመለስ የመቶ አለቃነት ማዕረግ፣ የዳግማዊ ምኒልክ ኒሻን፣ አንድ ቤትና አንዲት ቮልስ ተሸለመ። በዚህ ጊዜ የውሰት አይደለም፣ ሽልማት ነው። ከአራት ዓመት በፊት ከኋላ ወንበር ይቀመጥ የነበረው ሰው አሁን መሪው ጋ ነው።

ስለዚያ መኪና ትንሽ ላውራ፤ ምን እንደተሰጠው ካልገባን ታሪኩም አይገባንም። ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፣ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. በናዚ ጀርመን፣ ለተራው ሕዝብ ርካሽ መኪና ተብሎ። ከጦርነቱ በኋላ የፖርሽ ቤተሰብ የራሱን የመጀመሪያ የስፖርት መኪና፣ 356ን፣ ሲሠራ መነሻ ያደረገው የቮልስን ዕቃ ነው። ስለዚህ ዛሬ በስልካችን ላይክ የምናደርገው ፖርሽና የጋሼ ቮልስ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አንዷ ሀብታም አገባች፣ አንዷ ደሞዝተኛ። ከኋላ የተቀመጠው ጠፍጣፋ ሞተር፣ በውኃ ፈንታ በአየር መቀዝቀዙ፣ ሁለቱም ቤት አለ። የእኛ ሰው ቮልስን የወደደበት ምክንያት አንዱ ይኼ ነው። ራዲያተር የላትም፣ ስለዚህ ዳገት ላይ ውኃ ፈላ ብሎ መቆም የለም። ሞተሯ ቀላል ነው፤ ካንዴላ፣ ካርቡሬተር፣ ቺንጊያ፣ በቃ። ማንኛውም መካኒክ እጁ ያውቃታል። በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርታ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው።

የአበበ ዘመን 1200 ቮልስ 34 የፈረስ ጉልበት ነበራት። ዛሬ ለዚህ ቁጥር ማንም አይነሳም። ግን አስቡት፦ በየቀኑ ከሱሉልታ አዲስ አበባ በእግሩ ሲመላለስ የኖረ ሰው፣ ያንኑ ዳገት፣ ቁጭ ብሎ፣ እግሩን ፔዳል ላይ ጫን አድርጎ ብቻ። እኔ ስገምት የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለ ጉዳይ ነው የነዳው። ጋሼም እኔም ያንን ነው ያደረግነው፤ ከባቦጋያ ሆራ፣ ከሆራ ጨለለቃ፣ ጉዳይ ሳይኖረን። ስፖርት መኪና የሚያሰኘው የፈረስ ጉልበቱ ነው ይላሉ። ለእኔ ግን መኪና ስፖርት የሚሆነው መድረሻ ሳይኖራችሁ ቁልፍ ስታነሱ ነው። በዚህ ሚዛን የጋሼ ቮልስ ከብዙ ውድ መኪና በላይ ስፖርት ናት፤ ውድ መኪና ያላቸው ሰዎች ሁሌ የሆነ ቦታ እየቸኮሉ ነው።

በነገራችን ላይ የዛሬው ገበያ ሌላ ጉድ ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጣለ። በ2016 ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። አቅርቦት ሲዘጋ ያለው ዕቃ ይወደዳል፤ ይኼ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነው። ደላላ የጋሼን በር ሳያንኳኳ የሚያልፍ ወር የለም። ጋሼ ቡና አስፈልተው ያስተናግዱትና ባዶ እጁን ይሸኙታል።

ወደ አበበ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ ሜክሲኮ። እግሩን ታሞ ነው የሄደው። 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ወርቁን ጓደኛው ማሞ ወልዴ አመጣው። አበበ ሲመለስ ሻምበል ሆነ፤ እስከ ዛሬ ስሙ ፊት የሚቆመው ማዕረግ ያን ጊዜ የተገኘ ነው። ከዚያ በኋላ በእግሩ ማራቶን አልሮጠም፤ ያኔ ግን ይህን የሚያውቅ አልነበረም። 36 ዓመቱ ነው፣ ባለትዳር ነው፣ የአራት ልጆች አባት ነው፣ መኪና አለው።

መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ሌሊት፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ቮልሱን እየነዳ ነበር። መኪናዋ ከቁጥጥሩ ወጣች፣ ተገለበጠች። እሱ ውስጧ ቀረ።

ስለዚያ ሌሊት ብዙ ተወርቷል። በቤተሰቡ በኩል የተነገረው ከፊት ለፊቱ በፍጥነት የመጣ መኪና ሸሽቶ እንደወጣ ነው። ጠጥቶ ይሆናል ብለው የጻፉም አሉ። እኔ ዳኛ አይደለሁም። ጋሼ ክንዴን የያዙበትን ምክንያት ግን ልንገራችሁ፤ ይህም የአበበ አደጋ ምክንያት ይህ ነው ለማለት አይደለም። የድሮ ቮልስ ክብደቷ ያለው ከኋላ ነው። የኋላ ጎማዎቿን የያዘው አክስል ደግሞ እንደ ክንፍ ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዝ ዓይነት ነው። በፍጥነት ኩርባ ገብታችሁ በድንጋጤ ጋዙን ብትለቁ ወይም ፍሬን ብትረግጡ የኋላው ቀለል ይልና የውጭኛው ጎማ ወደ ሥር ሊታጠፍ ይችላል፣ ጭራዋ ዞራ ትቀድማችኋለች። በቀስታ ስትነዷት የምታስቀው ባሕርይዋ ያው ነው፣ ስትቸኩሉ የምታስለቅሰውም ያው። በዚያ ላይ ጨለማ፣ በዚያ ላይ የድሮ ባለ 6 ቮልት መብራት ከሆነ ከሻማ ትንሽ የሚሻል ነገር።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ሌላው ነው። ያገኙት ጠዋት ነው። መኪናዋ በሌሊት ተገልብጣ እስኪነጋ ድረስ እዚያው ነበር፣ ውስጧ፣ መንቀሳቀስ አቅቶት። ሮም ላይ በጨለማ ሲሮጥ ወታደሮች ችቦ ይዘው መንገድ አብርተውለታል። ያን ሌሊት ማንም አልነበረም።

አንገቱ ላይ ነው የተጎዳው። መጀመሪያ እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ አልቻለም። ክብር ዘበኛ ሆስፒታል ተወሰደ፣ በሳምንቱ እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንዴቪል ሆስፒታል ተላከ። ስቶክ ማንዴቪል ዶክተር ሉድቪግ ጉትማን የሚባሉ ሐኪም ከጦርነቱ በኋላ አካላቸው የተጎዳ ወታደሮችን በስፖርት ያከሙበት፣ ዛሬ ፓራሊምፒክ የምንለው ነገር የተወለደበት ቦታ ነው። አበበ ስምንት ወር እዚያ ቆየ። ንግሥት ኤልሳቤጥ ድረስ መጥተው ጠይቀውታል። እጆቹ ተመለሱ። እግሮቹ አልተመለሱም።

እዚህ ጋ አብዛኛው ጽሑፍ አዝኖ ይዘጋል። እሱ ግን አልዘጋም። ሐምሌ 1962 በስቶክ ማንዴቪል ጨዋታዎች ላይ በዊልቸር ሆኖ ቀስት ወረወረ፣ ጠረጴዛ ቴኒስ ተጫወተ። በሚያዝያ 1963 ደግሞ ኖርዌይ ለአካል ጉዳተኞች ጨዋታ በእንግድነት ተጋብዞ ሄደና በእንግድነት መቀመጥ አልሆንለት አለ፤ ገብቶ ተወዳደረ። ከውድድሮቹ አንዱ 25 ኪሎ ሜትር በበረዶ ላይ፣ በስሌጅ ነው። የሰላሌ ልጅ፣ በረዶ! አንደኛ ወጣ። ሰዓቱ 1 ሰዓት ከ16 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ። አስልቼዋለሁ፣ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመጣል። ቶኪዮ ላይ በእግሩ ከሮጠው ጥቂት ይፈጥናል።

ስለ አደጋው ሲጠየቅ ድሉን የሰጠው አምላክ አደጋውንም እንደሰጠው፣ ሁለቱንም እንደሚቀበል ይናገር ነበር ይባላል። አምናለሁ። ግን አንድ ሰው ነገሩን ተቀብሎም ፍጥነት ሊናፍቀው ይችላል፤ በረዶው ላይ የወጣው በመቀበል ብቻ አይመስለኝም።

በ1964 ሙኒክ ኦሎምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ ሄደ። በዊልቸር ሲገባ ስታዲየሙ በጭብጨባ ተቀበለው። የማራቶኑ ቀን ጳጉሜን 5 ነበር፣ ከሮም ልክ 12 ዓመት። አሸናፊው አሜሪካዊው ፍራንክ ሾርተር ሜዳሊያውን ከወሰደ በኋላ ሄዶ አበበን ጨበጠው። ማሞ ወልዴ በ40 ዓመቱ ነሐስ አገኘ።

አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ምክንያቱ ከአደጋው ጋር የተያያዘ የአንጎል ደም መፍሰስ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ የሐዘን ቀን አወጁ። ቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር 65,000 ያህል ሰው ወጥቶ እንደነበር ተመዝግቧል። ያ የንጉሡ የመጨረሻው ዓመት ነበር፤ በመስከረም 1967 እሳቸውም ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት በቮልስ ተጭነው ነው። ይኼን ሁሉም ሰው ያውቃል፣ ግን ከአበበ ጋር አንድ ላይ አስቦት የሚያውቅ ሰው አላጋጠመኝም። ለአንዱ ሽልማት፣ ለአንዱ ውርደት፣ ያችው መኪና።

እና ያ እሁድ። ከኩርባው ወጥተን ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስንደርስ አንድ ነገር ልሞክር ብዬ ጋሼን አስፈቀድኳቸው። ቀደም ብዬ በስልኬ ደምሬ ነበር፦ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ሲካፈል ለቶኪዮው ሰዓት፣ በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ከምናምን። ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና የፍጥነት ሰዓቷን መርፌ ከ20 ትንሽ ዝቅ አድርጌ ያዝኩት። መያዝ እንዴት እንደሚከብድ! ትንሽ ብረግጥ 25፣ ትንሽ ብለቅ 15። ባጃጅ አለፈን። ሌላ ባጃጅ አለፈን። አንድ ልጅ በብስክሌት ከጎናችን ሆኖ ትንሽ አብሮን ተጓዘና ደክሞት ቀረ። ጋሼ ምን እንደማደርግ ሲገባቸው ሰዓታቸውን ከእጃቸው ፈተው ዳሽቦርዱ ላይ አስቀመጡት።

ኪሎ ሜትር ለኪሎ ሜትር ሦስት ደቂቃ ከምናምን። መስኮቱን ከፍቼ መንገዱ ዳር ያለውን ሰው አየሁ፤ ሰው በእግሩ ይህን ያህል ሲሄድ ምን እንደሚመስል ላስብ ፈለግሁ። ከአራት ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ አይሱዙ ከኋላችን ደርሶ ክላክሱን አልለቅ አለ። ጋሼ ዞር ብለው አዩት፣ ሰዓታቸውን አዩት፣ 38 ኪሎ ሜትር እንደቀረን ነገሩኝ። ከዚያ ዳር እንድይዝና እንዳሳልፈው አዘዙኝ።